የመተላለፊያው ምስማር

ሮይስ እንደሚለው ነገሩ ቀላል ነው። ከሚኒያፖሊስ የሚመጣው የሶፋና የአልጋ ነጋዴ ሚስተር ሎዌል ባለፈው ሐሙስ ለሮይስ እህት ለቨርሊን ደወለላት። ድርጅታችን ያ የሽንት ቤት ህግ እስኪሻር ድረስ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ አንዲት ሳንቲም አያወጣም፣ ለዘንድሮው ገበያ አልመጣም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ ብሎ ስልኩን ዘጋ። በቃ። እንደ ሌሎቹ ሁሉ ቀረ። ሮይስ ይህን የፀጉር አስተካካዩ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ፎጣው አንገቱ ላይ እንደታሰረ ተናግሯል። ቨርሊን ደግሞ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ለጎረቤቷ ለኦሊታ የነገረቻት ሌላ ነው። ሰውየው እንደ ወትሮው ሊመጣ ነበር፤ አይምጡ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ልጄን ከሽንት ቤት በር የሚመልስ ህግ እያለ እንግዳ ተቀብዬ ቁርስ አልሠራም አልኩት፣ ነው ያለችው። ሰኞ ማታ ሁለቱም ታሪኮች ከበረንዳ በረንዳ ሲዘዋወሩ አመሹ። የሰፈሩ ሰው ግማሹ የሮይስን፣ ግማሹ የቨርሊንን ይዞ ተኛ። እውነቱን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ አንዱ ሚኒያፖሊስ ነው ያለው።

ማክሰኞ ጠዋት ቨርሊን መተላለፊያው ላይ ቆማ ፎቶዎቹን ከግድግዳ ታወርድ ነበር። በእኛ ከተማ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያና በጥቅምት፣ የቤት ዕቃ ገበያው ሲከፈት ሰው ቤቱን ለነጋዴ ለቆ ዘመድ ቤት ይገባል፤ ጠዋት ብቻ ተመልሶ ቁርስ ይሠራል። ሆቴል አይበቃም፣ ነጋዴውም አንዴ የለመደውን አልጋ አይቀይርም። ከመልቀቅ በፊት ሁሉም ቤት አንድ ዓይነት ሥራ ይሠራል፤ ነጭ ፎጣ ይታጠባል፣ ማቀዝቀዣው ይራገፋል፣ የቤተሰቡ ፊት ከግድግዳ ይወርዳል። እንግዳው ገንዘብ የከፈለው ለቤቱ እንጂ ለአያትህ ዓይን አይደለም ይባላል። የቨርሊን ቤት ፎቶዎች የሚቆለፉት በመተላለፊያው ጫፍ ባለው ቁምሳጥን ውስጥ ነው። ባሏ በሕይወት ሳለ ጀምሮ እንደዚሁ ነው፣ እጇ ለምዶታል፤ ከባሏ ፎቶ ትጀምራለች፣ ከዚያ እናቷ፣ ከዚያ ሮይስ በወታደር ልብስ፣ እያለች እስከ ስልኩ ድረስ ትመጣለች። ስልኩ ያው የድሮው፣ ገመዱ የተጠማዘዘው፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ነው። ከስልኩ አጠገብ አንዲት ምስማር አለች። ምንም አልተሰቀለባትም።

ልጇ ኮሪን ፎቶዎቹን እየተቀበለች በአሮጌ አንሶላ ትጠቀልላለች። ኮሪን ወንድ ተብላ የተወለደች፣ ከሦስት ዓመት ወዲህ ግን በሴትነቷ የምትኖር ናት። ገበያው ሲቃረብ በትርኢት አዳራሾች ውስጥ መብራት ትሰቅላለች፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በሕዝብ ኮሌጁ የኤሌክትሪክ ትምህርት ትከታተላለች። እሁድ ማታ የእናቷን ታሪክ ከኦሊታ ሰምታ ወደ ቤት ስትገባ ሳህኖቹን ሁሉ አጥባ፣ እናቷን ግንባሯ ላይ ስማ ሄዳ ተኛች። ሰኞ ግን በሥራ ቦታዋ ላገኘችው ሁሉ ነግራለች። መሰላል የሚይዝላት ሰው፣ «እናትሽን ለአገረ ገዥነት እናቁማት» ብሏታል።

«እማዬ፣ ሰውየው ካልመጣ ፎቶውን ለምን እናወርዳለን?» አለች አሁን።

«አቧራ ይዟል። ቤት አይጸዳም እንዴ?»

ኮሪን ጥቅሉን ይዛ ቁምሳጥኑን ከፈተችና ለአፍታ ዘገየች። ከውስጥ፣ ከክረምት ብርድ ልብሶቹ ኋላ፣ የእሷው ፎቶ ነበር፤ ቢጫ ቀሚስ ለብሳ በረንዳው ላይ ቆማ ስትስቅ። እናቷ ራሷ ያነሳቻት፣ ፍሬም ገዝታ ስልኩ አጠገብ የሰቀለችው ነው። አምና በሚያዝያ ለእንግዳው ተብሎ ከሌሎቹ ጋር ወረደ። ሌሎቹ ገበያው ባለቀ ማግስት ወደየምስማራቸው ተመለሱ፤ ይህ ግን እዚያው ቀረ። በጥቅምትም እንዲሁ። ቨርሊን ከጀርባዋ ሆና የልጇን ትከሻ አየች። «ረስቼው ነው» ለማለት አፏን ከፈተች። ግን አንድን ነገር ሁለት ጊዜ መርሳት እንዴት እንደሚነገር አላወቀችም። ኮሪን ፎቶውን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙራ አስቀመጠችው፣ የወታደሩን ሮይስ ከፊቱ አቆመች፣ በሩን ዘጋች።

እውነቱ ይህ ነው። ሐሙስ ዕለት ሚስተር ሎዌል ድርጅቱ እንደማይመጣ ከነገራት በኋላ ስልኩን አልዘጋም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እኔ ግን ልመጣ እችላለሁ፣ ሚስ ቨርሊን፣ አለ። እንደ ግለሰብ፣ በራሴ ገንዘብ፤ ደረት ላይ የሚንጠለጠለውን የድርጅት ስም አላደርግም፤ የጓሮው በር ክፍት ቢሆንልኝ መኪናዬን ከኋላ አቆማለሁ፤ የዘንድሮውን ዕቃ ካላየሁ ለክረምት የምሸጠው የለኝም፤ ለማንም ባይነገር። ክፍያው ያው ነው፣ እንዲያውም ጨምሬ እሰጣለሁ አለ። ቨርሊን «ላስብበት» አለችው። ማክሰኞ በራት ሰዓት እደውላለሁ ብሎ ተሰናበታት። ከዚያ እሁድ ኦሊታ በቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ፣ «የእኔዎቹ ቀሩ፤ ያንቺውስ? ይቅርብሽ እንግዲህ፣ ምን ታደርጊዋለሽ» ብላ ስታዝንላት አፏ ቀደማት። አንድ ጊዜ ከወጣ በኋላ ቃሉ ደስ አላት። የምታውቃት ግን የማትሆናት ሴት የተናገረችው መሰላት።

ሮይስ በትንሿ መኪናው ትኩስ የቅቤ ዳቦ በቋሊማ ይዞ መጣ። የኋለኛው መኝታ ቤት ጣሪያ ያፈስሳል፤ ከውጭ ሰማያዊ ሸራ ተወጥሮበታል፣ ከውስጥ ባልዲ ተደቅኖበታል። ሌሊት ዘንቦ ፍራሹ ስለራሰ ወደ በረንዳ መውጣት ነበረበት። ሮይስና ኮሪን ገቡ። ሮይስ ከዚህች ልጅ ጋር ሦስት ዓመት ሙሉ እንደምንም ሲነጋገር የኖረው ለማንም ባልተባለ ቃል ነው። «ጨው ይምጣ» ይላል፤ «በሩ ይዘጋ» ይላል፤ ለእህቱ ሲያወራ «ልጅሽ» ይላል። ለእሱ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። በእኛ አገር ሰው ሲያዝህም ሲጠይቅህም እሺታህን በ«ጌታዬ» ወይም በ«እሜቴ» ካልዘጋኸው ባለጌ ነህ። እናቱ ይህን በእንጨት ማንኪያ ነው ያስተማረችው፤ ለፖስታ አመላላሿም፣ ለትራፊክ ፖሊሱም፣ ሱቅ ለምትሸጥ ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጅም ይላታል። ለኮሪን ብቻ እሺታውን እየቆረጠ ቃሏን ይውጣታል። በዋጠ ቁጥር ሲያንቀው ይታያል።

«አጎቴ፣ ወደ ግራ አዙረው! ባልዲውን ልትደፋው ነው!»

«እሺ እሜቴ!» አለ ሮይስ።

ፍራሹ በር መሃል ቆመ። ቨርሊን ወጥ ቤት ውስጥ ማንኪያ በእጇ እንደያዘች ደረቀች። ከጣሪያው የሚወርደው ጠብታ ባልዲው ውስጥ ሲያርፍ ተሰማ።

«ምን አልከኝ?» አለች ኮሪን፣ ሳቋን ለመያዝ እየታገለች።

«ለፍራሹ ነው ያልኩት» አለ ሮይስ። ጆሮው ቀልቶ ነበር። «ይገፋ እንጂ፣ ወገቤ ተቆረጠ።»

ቁርስ ላይ ሦስቱም ዳቦውን በሉ። ቨርሊን በረዶ ያለበት ጣፋጭ ሻይ በትልቁ ብርጭቆ ቀዳች። ኮሪን ብርጭቆውን ወደ ጎን ገፋችው። ካለፈው ወር ወዲህ ጠዋት ጠዋት እንዲህ ነች፤ ቨርሊን ሰውነቷን እየጠበቀች ነው ብላ አስባ ነበር። ሮይስ ደግሞ አፉ ሲፈታ ስለ ሥራው ጀመረ። በገበያው ሳምንት ነጋዴዎችን ከአዳራሽ አዳራሽ የሚያመላልስ አነስተኛ አውቶቡስ ይነዳል። ዘንድሮ ከተመደበለት ተራ ግማሹ ተሰርዟል። በከተማው መሃል ባዶ የቀሩ የትርኢት መስኮቶች አይቷል፤ የቤት ኪራይ ማስታወቂያ በየግቢው ተተክሎ፣ ዋጋው ተሰርዞ፣ ከሥሩ ያነሰ ዋጋ ተጽፎ፣ እሱም ተሰርዟል። የሚናደደው ሰዎቹ ህጉን ስለጠሉት አይደለም። እሱም ቢሆን ሽንት ቤት በር ላይ ዘበኛ ለማቆም ሥልጣን የያዘ ሰው ሥራ ፈት ነው ይላል።

«ግን ህጉን ያወጡት ራሌይ፣ የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ያሉት ናቸው» አለ። «የአንዳቸውም ደመወዝ አልተነካም። ምሳቸውን እየበሉ ነው። እኛ ነን የተቀጣነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይሄ ነው።»

«ዳውላው ሲመታ አህያውም ይሰማዋል፣ አጎቴ» አለች ኮሪን።

«ዳውላውስ? እሱን ማን ጠየቀው?»

ኮሪን አሰበች። ከዚያ፣ «እውነትህን ነው፤ ማንም አልጠየቀውም» አለች። «ከእኔም አዳራሽ ሁለት ሰው አሰናብተዋል። እኔን ራሴን ማን ጠየቀኝ? ጋዜጣው ላይ ለእኔ ሲሉ እንደቀሩ አነባለሁ፤ አንዳቸውም ስሜን አያውቁም። ቢሆንም ዝም ብለው ቢመጡ ኖሮ ራሌይ ያሉት ሰዎች ምሳቸውን እየበሉ ማንም ቅር አላለውም ይሉ ነበር።» ተነሳች። «ደግሞ አንድ ሰው እኮ ተጠይቆ እምቢ ብሏል። እዚሁ ወጥ ቤት ውስጥ ነው ያለው።» የእናቷን ትከሻ ነካ አድርጋ ወደ ሥራ ሄደች።

ሮይስ እህቱን አያት። እህቱ ማጠቢያው ውስጥ ያሉትን ሳህኖች አየች። «ጣሪያ በኩራት አይከደንም፣ ቨርሊን» አለና ኮፍያውን አነሳ።

ከሰዓት በፊት ኦሊታ የቅቤ ኬክ በፎይል ሸፍና መንገዱን ተሻግራ መጣች። በረንዳው ላይ የራሰውን ፍራሽ አልፋ ተቀመጠች። ኬኩ የተጋገረው ለቴክሳስ እንግዶቿ ነበር፤ አሁን ማን ይብላው። ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ አዲሱ ፓስተር ረጅም ጸሎት አወራች። ህጉን ላወጣው ሰው ድምፅ የሰጠችው እሷ መሆኗን በሰፈሩ የማያውቅ የለም። «መንገዱን አስጠግናለሁ ስላለ ነው» ትላለች፤ መንገዱ ግን እንደ ተቦረቦረ ነው።

«አንቺስ እምቢ ብለሽ ቀረብሽ» አለች በመጨረሻ። «እኔን ደግሞ ሳይጠይቁኝ ተዉኝ። አንቺ ክብር አለሽ፣ እኔ ኬክ አለኝ። አልዋሽሽም፣ ቨርሊን፣ ስሰማ ቀናሁብሽ። እኔ ብሆን፣ ሰውየው እመጣለሁ ካለ፣ በጓሮም ይግባ በመስኮት አስገባው ነበር።»

ቨርሊን ኬኩን ቆረሰች። «ማን በጓሮ ይገባል አለሽ?» አለች።

«ማንም። ለማለት ነው እንጂ።»

የኮሪን መኪና ጥገና ላይ ስለነበረች ከሰዓት በኋላ ከኮሌጁ የምትወስዳት ቨርሊን ነበረች። ከትልቁ ሕንፃ ፊት ለፊት መኪናዋን አቁማ ጠበቀች። ተማሪዎቹ እየተሳሳቁ፣ የውሃ ጠርሙስ እያገላበጡ ወጡ። ኮሪን ከኋላቸው መጣች፤ ስትራመድ ጉልበቶቿን ገጠም አድርጋ፣ ከንፈሯን ነክሳ። መኪና ውስጥ እንደገባች ቀበቶዋን ሳታስር፣ «ቶሎ እንሂድ፣ እማዬ» አለች።

«ምን ሆንሽ? አመመሽ?»

«አላመመኝም። ንጂ ብቻ።»

የመጀመሪያው መብራት ላይ ቆሙ። ቀዩ ረዘመ። ኮሪን ዓይኗን ጨፍና በጣቶቿ ጉልበቷን ትመታለች። ቨርሊን ያን ጊዜ ጠዋት ጠዋት ሳይነካ የሚቀረው ሻይ ትዝ አላት፤ በረዶው ሟሙቶ ማጠቢያው ውስጥ የምትደፋው። ኮሌጁ የመንግሥት ነው። ህጉ የሚለው በመንግሥት ሕንፃ ውስጥ ሰው የልደት ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ፆታ ተከትሎ ይግባ ነው። ይህን በቴሌቪዥን መቶ ጊዜ ሰምታለች። ሰው ስለ ራሌይ፣ ስለ ፍርድ ቤት፣ ከዚህ ይነሳ ስለተባለው የቅርጫት ኳስ ውድድር ሲከራከር ሰምታለች። አንድ ሰው ከጠዋት ጀምሮ ውሃ ሳይጠጣ ይውላል ያላት ግን አልነበረም።

«ሻዩን የምትተዪው ለዚህ ነው?» አለች።

«ወንዶቹ ጋ ብገባ ይደበድቡኛል። ሴቶቹ ጋ ብገባ ይከሱኛል። ካልጠጣሁ ማንም አይነካኝም» አለች ኮሪን ዓይኗን ሳትገልጥ። ከዚያ ፈገግ ለማለት ሞከረች። «አረንጓዴ ሆኗል፣ እማዬ። ንጂ።»

ቨርሊን ነዳች። በዚያች ከተማ ያላትን ዕድሜ ሁሉ ነድታ የማታውቀውን ያህል ፈጥና ነዳች፤ የኦሊታን የተቦረቦረ መንገድ እንኳ ሳታበርድ አለፈችው። ቤት ሲደርሱ ኮሪን መኪናው ሳይቆም በሩን ከፍታ ሮጠች። የቤቱ መጸዳጃ አንድ ነው፣ መተላለፊያው ላይ፣ ከስልኩ ትይዩ። በሩ ሲዘጋ ቨርሊን መሪውን ይዛ ተቀምጣ ነበር።

ወጥ ቤት ስትገባ ሮይስ አለ። ጠዋት ያኮረፈው ሰው አይመስልም፤ ቦሎቄውን ምድጃ ላይ ጥዶ፣ የበቆሎ ዳቦውን ራሱ አውጥቶ፣ ሦስት ሳህን ደርድሮ ይጠብቃታል።

«አንቺ ሴትዮ!» አለ። «ዋሾ! ሰውየው ደወለልኝ እኮ! ሚስተር ሎዌል! ከግሪንስቦሮ አውሮፕላን ማረፊያ አንተው ራስህ በመኪናህ ተቀበለኝ፣ አውቶቡስ ላይ መታየት አልፈልግም፣ እህትህ ገና ታስብበታለች፣ እባክህ አግባባልኝ አለኝ። ታስብበታለች! ሰፈሩን ሁሉ እምቢ አልኩት ብለሽ!» ሳቁ ከልብ ነበር፤ ክፋት አልነበረበትም። የሳምንቱ ሥራ የተመለሰለት፣ የእህቱ ጣሪያ የተከደነለት ሰው ሳቅ ነበር። «እኔ ቀረ ብዬ፣ አንቺ እምቢ አልኩት ብለሽ፣ ሁለታችንም ቀጣፊዎች ነን፤ ግን ያንቺ ውሸት ይሻላል፣ ጣሪያ አለው። እሺ በይው፣ በቃ። ማንም አያይም። ጓሮውን እኔ አጸዳለሁ። ልጅሽም እንደ ወትሮው እኔ ጋ፣ ጋራዡ ላይ ባለችው ክፍል ትተኛለች።»

ትተኛለች አለ። ሳያውቀው ነው ያለው፤ በሌላ ቀን ቢሆን ቨርሊን ታስተውለው ነበር። አሁን ግን የምታየው ከእሱ ኋላ ነው። ኮሪን እጇን በነጩ የእንግዳ ፎጣ እያደረቀች መተላለፊያው ላይ ቆማለች። ምን ያህል እንደሰማች መጠየቅ አላስፈለገም። እጇ ደርቋል፣ ማድረቋን ግን አላቆመችም። ሮይስ የእህቱን ዓይን ተከትሎ ዞረና ሳቁ ጠፋ። ቦሎቄው ተንተከተከ። አንድም ሰው የምድጃውን እሳት አልቀነሰም።

«ልትነግሪኝ ትችይ ነበር» አለች ኮሪን። ድምፅዋ አልጮኸም። «ጣሪያው እንደሚያፈስ እኔም አውቃለሁ። ብትጠይቂኝ እሺ በይው እልሽ ነበር። ግን ሰኞ ለሰው ሁሉ ተናገርኩ፣ እማዬ። እናቴ እምቢ አለች እያልኩ።»

ቨርሊን መልስ ፈለገች። ረስቼው ነው፣ አሁንም፣ አይሆንም። አፌ ቀደመኝ፣ አይሆንም። እሷ ገና ስትፈልግ ስልኩ ጠራ።

ሮይስ አልተነቃነቀም። ኮሪን ለእናቷ መንገድ ለመልቀቅ ወደ ግድግዳው ተጠጋች። ቨርሊን በመካከላቸው አልፋ ሄዳ ሁለተኛው ጥሪ ላይ አነሳችው። ፎቶዎቹ የወረዱበት ግድግዳ ላይ አራት ማዕዘን ነጣ ነጣ ያሉ ምልክቶች ብቻ ቀርተዋል፤ በዓይኗ ትክክል ግን ምስማሯ ነበረች፣ ምንም ነጣ ያለ ምልክት የሌላት፣ ፎቶው ምልክት እስኪተው ድረስ እንኳ ያልቆየባት።

«ሚስ ቨርሊን፣ እንደምን አመሹ!» አለ ሚስተር ሎዌል። ድምፁ ከስልኩ አልፎ መተላለፊያውን ሞላው። «ሮይስ አነጋገረዎት መሰለኝ። ቤቱ ውስጥ ማንም አይኖርም አይደል? እንደ ወትሮው? እኔ ስለ እነዚያ ሰዎች መብት ያለኝን አቋም ያውቃሉ፤ ድርጅታችን በጋዜጣ ሁሉ ፈርሟል። ይሄ የሥራ ጉዳይ ነው እንጂ። የጓሮው በር ብቻ ይከፈትልኝ።»

«ሚስተር ሎዌል» አለች ቨርሊን። ከዚያ ወንድሟም ልጇም፣ መስኮቱ ክፍት ስለሆነ ምናልባት ኦሊታም እንድትሰማ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «እርስዎ ለዓለሙ አልመጣም ብለው ለእኔ እመጣለሁ አሉኝ። እኔ ደግሞ ለሰፈሩ እምቢ አልኩት ብዬ ለእርስዎ ላስብበት አልኩ። ተስተካክለናል፣ አልቀየምዎትም። አሁን ግን አስቤበታለሁ። ልጄ ኮሪን ትባላለች። እነዚያ ሰዎች የሚሏት እሷ ናት። በገበያው ሳምንት የትም አትሄድም፣ አልጋዋ ላይ ነው የምትተኛው፣ ፎቶዋም አሁን ስልኩን ስዘጋ ቦታው ይመለሳል። ህጉ የተሻረ ዕለት በስምዎ፣ በፊት ለፊቱ በር ይምጡ፤ ቁርሱን እኔው እሠራለሁ። ዘንድሮ ግን ቤቴን አላከራይም። በዚህ ቤት ከእንግዲህ ማንም አይደበቅም፤ እርስዎም ቢሆኑ።»